ጉድጓዱ ሲዘጋ ታሪኩ አብሮ አይቀበር

ከሚዛን ተፈሪ በበበቃ በኩል ወደ ዲማ የሚወስደው መንገድ ለረጅም ዘመን የቡና መንገድ ነበር። ዛሬ ወደ ወርቅም ይወስዳል። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልላችን ወሰን ወዲያ፣ በጋምቤላ ዲማ ወረዳ፣ ሰገሌ በተባለው ስፍራ የወርቅ ጉድጓድ ተከፍቷል። ከወሰኑ ወዲህ ደግሞ በዳውሮና በኮንታ የድንጋይ ከሰል ይቆፈራል። ከጌጫ እስከ ቴፒ፣ ከማሻ እስከ ቦንጋ ያለው አገር ስሙ ከቡና፣ ከማርና ከኮረሪማ ጋር ሲነሳ የኖረ ነው። ከእንግዲህ ግን ማዕድንም አብሮ መነሳቱ አይቀርም።

ማዕድን በተገኘ ቁጥር የሚጠየቀው ይታወቃል። ስንት ኪሎ ይወጣል? ለወጣቱ ምን ያህል የሥራ ዕድል ይፈጥራል? ለወረዳው ምን ይደርሰዋል? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን በስብሰባ ላይ እምብዛም የማይነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ ማዕድኑ አልቆ ሠራተኛው ሲበተን የሚቀረው ነገር ምን ይሁን? የብረት ማማው፣ የድንጋይ መፍጫው፣ የሠራተኛው ሰፈር፣ የዝቃጩ ክምር፣ የደመወዝ መዝገቡ፣ እዚያ የደከሙና የታመሙ ሰዎች ታሪክ ማን እጅ ይግባ?

በእኔ እምነት የማዕድን ማውጫ ቅርስነት የሚወሰነው ሥራው በተዘጋ ማግሥት ሳይሆን ፈቃዱ በሚፈረምበት ዕለት ነው። ሲዘጋ ከተጠበቀ ብረቱ ለቁራሌው፣ ሰነዱ ለምስጡ፣ መርዙ ለመንደሩ ይቀራል።

ከባዱ ፈተና፤ ዩራኒየም

የዚህን ጥያቄ ጥልቀት ለማየት ከሁሉ የከበደውን ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። እሱም ዩራኒየም ነው። ድንጋዩ ተፈጭቶ ዩራኒየሙ ከተለየ በኋላ የሚተርፈው ዝቃጭ መነሻው ድንጋይ ከነበረው ጨረራ 85 በመቶ ያህሉን ይዞ ይቀራል። በዝቃጩ ውስጥ ያለው ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከራዲየሙ የሚወጣው ራዶን የተባለ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ለብዙ ጊዜ የተነፈሰውን ሰው ለሳንባ ካንሰር ይዳርጋል። እንዲህ ያለውን ቦታ ቅርስ እንበለው ማለት ለብዙ ሰው የማይታሰብ ነው።

ሆኖም ማዕድን ማውጫ ብዙ ክፍሎች ያሉት ሥፍራ ነው፤ አደጋውም በሁሉም ላይ እኩል አይደለም። ሠራተኛውንና ድንጋዩን ከጉድጓድ የሚያወጣው የብረት ማማ ታጥቦ ሊቆም ይችላል። ቢሮውና መኖሪያው በመሣሪያ ተለክቶ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ሊጠገን ይችላል። ዝቃጩ ግን በሸክላ አፈርና በድንጋይ ተሸፍኖ፣ ውኃ እንዳይደርስበት ተደርጎ፣ ከትውልድ ትውልድ መጠበቅ አለበት። ሥራው መለየት ነው፤ የሚቆመውን ማቆም፣ የሚከደነውን መክደን። ዓለም በዚህ ረገድ ሦስት የተለያዩ መንገዶችን ሄዳለች።

የመጀመሪያው ሁሉንም አፍርሶ መቅበር ነው። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት የነበረችው ዩራቫን የማዕድን ኩባንያ የቆረቆራት ከተማ ነበረች። ለመጀመሪያዎቹ የአቶም ቦምቦች ከዋለው ዩራኒየም ከፊሉ ከዚያ ወጥቷል። ፋብሪካው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተዘጋ በኋላ ቦታው በመንግሥት የብክለት ማጽጃ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚያም ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሱቁ እየፈረሰ ተቀበረ። ለመታሰቢያ ይቆዩ የተባሉ ሁለት ሕንጻዎች፣ የሠራተኞች ማደሪያውና የማኅበረሰብ አዳራሹ፣ በ2007 (እ.ኤ.አ.) እነሱም ፈረሱ። ጽዳቱ አስፈላጊ ነበር። ግን ልጅነታቸውን እዚያ ያሳለፉ ሰዎች ለልጆቻቸው የሚያሳዩት አንድ ግድግዳ እንኳ አልቀረላቸውም።

ሁለተኛው መርሳት ነው። በኮንጎ በካታንጋ የምትገኘው ሺንኮሎብዌ በዓለም ላይ ዩራኒየሙ እጅግ የበዛ ድንጋይ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በነሐሴ 1945 (እ.ኤ.አ.) ሂሮሺማን ያጠፋው ቦምብ ከተሠራበት ዩራኒየም አብዛኛው የዚህች ጉድጓድ ነው። ቅኝ ገዢዎቹ በሚስጥር አወጡት፤ ቆፍረው ያወጡት ኮንጎአውያን ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ስማቸው እንኳ አይጠራም። አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ዋናው ጉድጓድ በሲሚንቶ ተደፈነ። ምልክትም፣ ሙዚየምም፣ በቂ ጠባቂም ስላልተተወ ግን ድሆች ኮባልት ፍለጋ ተመልሰው ገቡበት። በ2004 (እ.ኤ.አ.) ቦታው በአዋጅ ከተዘጋ ወራት በኋላ ጉድጓዱ ተደርምሶ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ከሺንኮሎብዌ የምንማረው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ስለ አደጋው የሚናገር ሰውና ምልክት ሲጠፋ አደጋው ይመለሳል። የማዕድን ቅርስ መጠበቅ ለቱሪስት ብቻ የሚሠራ ጌጥ ሳይሆን ሕይወት የማዳን ሥራ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የመለየት መንገድ ነው። በጀርመንና በቼክ ድንበር ላይ ባለው የማዕድን ተራራ፣ በጀርመንኛ ኤርዝገቢርገ በሚባለው፣ ለ800 ዓመታት ያህል ብር፣ ቆርቆሮና ሌሎች ማዕድናት ሲወጡ ኖረዋል። ማሪ ኩሪ በ1898 (እ.ኤ.አ.) ራዲየምን ያገኘችው በቼክ በኩል ካለችው ከያኺሞቭ በመጣ የማዕድን ተረፈ ምርት ላይ ስትሠራ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቪየት ኅብረት ሥር የተቋቋመው ቪስሙት የተባለ ድርጅት በምሥራቅ ጀርመን እስከ 1990 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ወደ 231 ሺህ ቶን ዩራኒየም አውጥቷል። ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ መንግሥት ለጽዳቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዩሮ አወጣ። ሮነቡርግ አካባቢ የነበረው ግዙፍ ገደል በራሱ ተረፈ ድንጋይ ተሞልቶ በ2007 (እ.ኤ.አ.) በዚያው አካባቢ ብሔራዊ የአበባ ትርኢት ተዘጋጀ። ከጽዳቱ ጎን ለጎን ማማዎችና የጉድጓድ ሕንጻዎች ተመርጠው ተጠበቁ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ ይህን የማዕድን ምድር በ22 ሥፍራዎቹ የዓለም ቅርስ አድርጎ ሲመዘግብ የዩራኒየሙ ዘመንም አብሮ ገባ።

ከተመዘገቡት አንዱ በቼክ በኩል ያለው ቀይ የጡብ ሕንጻ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፖለቲካ እስረኞች ያለ ምንም መከላከያ የዩራኒየም ድንጋይ የሚፈጩበትና የሚለዩበት ቤት ነበር። ሕዝቡ የሞት ቀይ ግንብ ይለዋል። ዩኔስኮ ይህን ሕንጻ የመዘገበው ውብ ስለሆነ አይደለም። የተፈጸመው በደል እንዳይካድ ምስክር ስለሆነ ነው።

የእኛዎቹ ቦታዎች

ኢትዮጵያ የዩራኒየም ማውጫ ኖሯት አያውቅም። ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው በጉጂ ዞን የሚገኘው የኬንቲቻ ታንታለም ነው። ድንጋዩ ውስጥ ዩራኒየም ስላለበት ወደ ውጭ ሲላክ እንደ ተራ ጭነት ሊታይ አይችልም። ስለዚህ የጨረራ ጥያቄ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የማዕድን ማውጫ ቅርሶቻችን ግን ከኬንቲቻ በፊትም ነበሩ። በየቦታውም እየጠፉ ነው።

ዳሎልን እናንሳ። ጣሊያኖች ከአፋር ጨው ሜዳ ፖታሽ ለማውጣት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከመርሳ ፋጡማ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚገባ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ሐዲዱ በ1918 (እ.ኤ.አ.) ተጠናቀቀ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶችን እየቆፈረ ክምችቱን አጠና። ከ1960 እስከ 1966 (እ.ኤ.አ.) በዚያው ሰፈር የተመዘገበው አማካይ የዓመት ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ሰው በሚኖርበት ቦታ ከተለካው ሁሉ ከፍተኛው ነው። በ1968 (እ.ኤ.አ.) ሥራው ቆመ።

ዛሬ እዚያ የሚታየው ከጨው ጡብ የተሠሩ፣ ጣሪያቸው የወደቀ ቤቶችና ዝገት የበላቸው ማሽኖች ናቸው። በዓለም ላይ ከጨው የተሠራ የማዕድን ሠራተኞች መንደር የት ይገኛል? የደናክል ስምጥና እሳተ ገሞራው በ2022 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፉ የጂኦሎጂ ሳይንስ ኅብረት ይፋ ካደረጋቸው የመጀመሪያዎቹ 100 የጂኦሎጂ ቅርሶች አንዱ ሆኗል። ተፈጥሮው ተከበረ፤ በዚያ ሙቀት የሠራው ሰው ቤት ግን በየቀኑ እየተሸረሸረ ነው። የአፋርን ቀለማማ ምንጭ ፎቶ የሚያነሳው ጎብኚ በፍርስራሹ አጠገብ ያልፋል። እነማን ሠሩበት፣ ስንት ተከፈላቸው፣ ማን ታመመ የሚል አንድ ሰሌዳ ቢኖር ግን ቆሞ ያነብ ነበር።

በወለጋ ዩብዶ የሚገኘው የፕላቲኒየም ማውጫም እንዲሁ ነው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አልቤርቶ ፕራሶ የተባለው ጣሊያናዊ በብርብር ወንዝ አካባቢ ያገኘው ይህ ማዕድን በጊዜው የአገሪቱን ስም በዓለም ገበያ አስጠርቷል። አዶላ፣ ክብረ መንግሥት ተብሎም የሚታወቀው፣ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ የወርቅ ምንጭ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ የጉልበት ሠራተኞች ከየአገሩ እየሄዱ በአዶላ ጭቃ ውስጥ አሸዋ አጥበዋል። የቤተ መንግሥት ታሪክ ብዙ ተጽፏል። የወርቅ ማጠቢያው ገበታና ያጠበው ሰው ታሪክ ግን ገና አልተጻፈም።

ወደ ቅርብ ዘመን ስንመጣ የለገደምቢ የወርቅ ማውጫ አለ። በአካባቢው ነዋሪዎች ላይ የጤና ጉዳት ደርሷል የሚል ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ የማዕድን ፈቃዱ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ታገደ። ሥራው እንደገና የተጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው። የዚያ ክርክር ሰነዶች፣ የእናቶች ምስክርነት፣ የውኃና የአፈር ምርመራ ውጤቶች የለገደምቢ ቅርስ ናቸው ብሎ የሚሰበስባቸው ካልተገኘ የሚቀጥለው ትውልድ ክርክሩን ከዜሮ ይጀምራል።

ሕጉ የት ድረስ ይሄዳል?

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት አድርጎ ነው። በዚህ ትርጉም መሠረት የዳሎል የጨው ቤት፣ የዩብዶ ማጠቢያና የአዶላ ካምፕ ቅርስ የማይሆኑበት ምክንያት የለም። የድሬዳዋ የባቡር ጣቢያና ጥገና ክፍልም የሠራተኛ እጅ ሥራ ነው። በ1902 (እ.ኤ.አ.) ሐዲዱ ድሬዳዋ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ታሪክ ስለሚናገር ዛሬ ማንም ቅርስነቱን አይጠራጠርም። ማዕድን ማውጫ ከባቡር ጣቢያ በምን ይለያል?

አዋጁ ማዕድንን የሚያነሳው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ በማዕድን ፍለጋ ቁፋሮ ላይ ጥንታዊ ቅርስ ከተገኘ በአስቸኳይ ይነገር ይላል። ቁፋሮው ራሱ ነገ ታሪክ እንደሚሆን ግን አላሰበም። የማዕድን አዋጁ ቁጥር 678/2002 ደግሞ ባለፈቃዱ አካባቢውን መልሶ ለማስተካከል ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። በተግባር መልሶ ማስተካከል ማለት ጉድጓድ መሙላት፣ ዛፍ መትከልና አጥር ማፍረስ ተደርጎ ተወስዷል። የሚቀረውን ከሚጠፋው ሳይለዩ ሁሉንም ማስተካከል ዩራቫን ላይ የሆነውን መድገም ነው። ሁለቱ ሕጎች በሁለት መሥሪያ ቤቶች መደርደሪያ ላይ ተለያይተው ተቀምጠዋል። በማዕድን ፈቃድ ውል ላይ የሚገናኙበትን አንቀጽ መጻፍ አዲስ አዋጅ አይጠይቅም።

የሸካ ሰው የሚያውቀው ጥበቃ

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አስተሳሰብ ከውጭ መምጣት የለበትም። እዚሁ ሸካ ውስጥ፣ ጌጫ ላይ ያለ ነው። በሸካ ባህል ጉዶ የሚባሉ የተከበሩ ደኖችና ደዶ የሚባሉ የጸሎት ስፍራዎች አሉ። ዛፋቸው አይቆረጥም፣ መሬታቸው አይታረስም፣ ማንም እንዳሻው አይገባባቸውም። የጎሳ አባቶች ይጠብቋቸዋል፤ ልጅ ሲያድግ የት ድረስ እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚቆም ይነገረዋል። የደኑ መሬት ለትልልቅ የቡናና የሻይ እርሻዎች በተሰጠ ጊዜ ከእነዚህ ስፍራዎች የተጎዱ እንዳሉ ጥናቶች መዝግበዋል። እንዲያም ሆኖ ከ238 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍነው የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ እስኪመዘገብ የደረሰው በአብዛኛው በዚህ አገር በቀል ጥበቃ ነው።

ጉዶን የሚጎበኝ የለም፤ ትኬት አይቆረጥበትም። ዋጋው በጎብኚ ብዛት አይለካም። ሰው እንዳይገባ ተከልክሎ፣ ግን ስሙ፣ ወሰኑና ምክንያቱ በሁሉም ዘንድ ታውቆ ይኖራል። መርዛማ የማዕድን ቦታም የሚጠበቀው በዚሁ ጥበብ ነው። ዝቃጩ ተከድኖ ሰው አይግባበት። ወሰኑ ግን በካርታ፣ በድንጋይ ምልክትና በቃል ይታወቅ፤ ለምን እንደተከለከለም ልጆች ይማሩት። ሺንኮሎብዌ የጎደላት ይህ ነበር። አንደራቻ ወረዳ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች አንድን ቦታ ሳይነኩ ለመቶ ዓመታት ማክበር እንዴት እንደሚቻል ለማንኛውም የማዕድን መሐንዲስ ማስተማር ይችላሉ።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ውኃና ክሊኒክ ያልተሟላለት ወረዳ ለዛገ ብረት በጀት ይመድብ ወይ ይባላል። ጥያቄው ሐቀኛ ነው፤ መልሱም ሐቀኛ መሆን አለበት። ሁሉም ማሽን አይጠበቅ። ከአንድ ማውጫ ሊቀር የሚገባው ምናልባት አንድ ማማ፣ አንድ መኖሪያ ቤትና አንድ መዝገብ ነው። ፎቶ ማንሳት፣ መለካት፣ የሠራተኛን ቃል በድምፅ መቅዳት ከማዕድኑ ገቢ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ወጪ የለውም። ብረት ለቁራሌ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው፣ መከራ የታየበትን ቦታ ለምን እናቆያለን የሚል ነው። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ተከፍቷል። በዚያ ቤት የሚታየው ሁሉ ሐዘን ነው፤ ሆኖም ይከፈት ያለው ሐዘኑን የሚያውቀው ሕዝብ ራሱ ነው። በሥራ ላይ የደረሰ መከራም ከዚህ ያነሰ ክብር አይገባውም።

ሦስተኛው የደኅንነት ነው፤ እሱም ትክክል ነው። ጨረራ፣ ሳያናይድ ወይም ሜርኩሪ ያለበት ቦታ በባለሙያ ሳይለካ ማንም ሊገባበት አይገባም። ቅርስ የሚለው ቃል የጽዳት ግዴታን አያስቀርም፤ አንድም ኩባንያ ታሪክ ነው ብሎ መርዙን ትቶ እንዲሄድ ሊፈቀድለት አይገባም።

ምን ይደረግ?

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተመሠረተ ገና ጥቂት ዓመታት ነው፤ የማዕድን ሥራውም ገና ጅምር ነው። ስለዚህ ሌሎች ዘግይተው ያሰቡትን እኛ በጊዜ ማሰብ እንችላለን።

አንደኛ፣ ከማዕድኑ በፊት ያሉት የሥራ ቅርሶቻችን ይመዝገቡ። በ1902 (እ.ኤ.አ.) በአጼ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ስምምነት የተከፈተው የጋምቤላ የንግድ ወደብ ቡናችንን በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወስድ ነበር። ቡናው የተጓዘበት የጎሬ መንገድ፣ መጋዘኖቹ፣ ቀድሞ የመንግሥት የነበሩት የበበቃና የቴፒ እርሻዎች የቆዩ መፈልፈያዎችና የሠራተኛ ካምፖች የዚህ አካባቢ የኢንዱስትሪ ታሪክ ናቸው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለዚህ ቆጠራ ቢያሰማራ ለአገርም ለትምህርትም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም አዲስ የማዕድን ፈቃድ የቅርስ አንቀጽ ይኑረው። ኩባንያው የሕንጻዎቹን ንድፍ፣ የሠራተኛ መዝገብና የአካባቢ ምርመራ ውጤቱን በየዓመቱ ለክልሉ ባህል ቢሮና ለአገሪቱ ቤተ መዛግብት ያስገባ። ሲዘጋ የሚቆመውና የሚፈርሰው አስቀድሞ በውሉ ይወሰን፤ ለመልሶ ማስተካከያ ከሚመደበው ገንዘብ ላይም የተወሰነው ለዚህ ይዋል።

ሦስተኛ፣ በአገር ደረጃ የዳሎል የጨው መንደር በቅድሚያ ይመዝገብ። ጨው ዝናብና ነፋስ አይችልም፤ የሚጠብቀን ጊዜ አጭር ነው።

አራተኛ፣ የሚያስቸኩል ሥራ አለ፤ የሰዎች ቃል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዳሎል ላይ የሠራ ወጣት ዛሬ ሰማንያ ዓመት ደርሷል ወይም አልፏል። የአዶላ አሸዋ አጣቢዎችም እንዲሁ። ሕንጻ ቢፈርስ ከፎቶ ላይ ሊታወስ ይችላል፤ የእነሱ ትዝታ ሳይቀዳ ከጠፋ ግን ምንም አይተካውም።

ስለዚህ ይህን ለሚያነቡ አደራ አለኝ። አባትዎ ወይም አያትዎ በአዶላ፣ በዩብዶ፣ በዳሎል፣ በበበቃ ወይም በየትኛውም የማዕድንና የእርሻ ካምፕ ሠርተው ከሆነ ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው። የሠሩበትን ቦታ ስም፣ የሥራውን ዓይነት፣ የደመወዙን መጠን፣ የጓደኞቻቸውን ስም ይጻፉ። ያለዎትን የሠራተኛ መታወቂያና የቆየ ፎቶ አይጣሉ። መንግሥት መዝገቡን እስኪከፍት ድረስ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ታሪክ የመጀመሪያው ቤተ መዛግብት የእናንተ ቤት ነው።